ማንም ያልመረጠው ቦታ

መስኡዳ ኑርዬ በሐይቅ ከተማ ላይ ቂም ይዛለች። በአንድ ሰው ላይ ቢሆን ይቀልላት ነበር። እሷ የያዘችው ከተማው ላይ ነው፤ ገበያው ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀምሮ ግራና ቀኝ በተደረደሩት ሱቆች ላይ፣ እስላም ክርስቲያኑ አብሮ በሚቀብርበት በቅሬው ላይ። ዓሣ ትጠብስላቸዋለች፣ ሠርጋቸው ላይ ወጥ ትሠራለች፣ ሲታመሙ ብርቱካን ይዛ ትጠይቃለች። ቂሟን ግን ይኸው ስንት ዓመት፣ አልጣለችም። ግትር ናት። ዓሣ አስጋሪው አባቷ ኑርዬ ራሱ፣ «ይቺ ልጅ ከሐይቁ ጋር ብትጣላ ቀድሞ ይቅርታ የሚጠይቀው ሐይቁ ነው» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ እናቷ አሪፋ ታማ ሞተች። ቅሬው ተሰብስቦ መከረ። ልጅቱ ብቻዋን በሰው አገር ናት፣ ብትወድቅ የሚያነሳት የለም፣ መርዶ በስልክ አይነገርም ተባለ። ስትመጣ እንደ ወጉ ማልደው ሄደው፣ ከበው፣ ደግፈው ይነግሯታል። ክፋት የለበትም። በየቤቱ የሚደረግ ነው። እሷ ግን ይህን ሳታውቅ በየጁምዓው ትደውላለች። አሪፋ ስልክ አልነበራትም፤ የሚደወለው ጎረቤት ላሉት የጨርቅ ነጋዴ፣ ለእትዬ ሀውራ ነው።

«እትዬ፣ መስኡዳ ነኝ። እናቴን አቅርቡልኝ።»

«ወዳጃ ሄዳለች የኔ ልጅ፣ ዱአ ላይ ናት። ሰላም ብላሻለች።»

በሌላው ጁምዓ፣ «አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳት፣ አልቀሰቅሳትም። ሰላም ብላሻለች።» በሌላው ደግሞ፣ «እግሯን ትንሽ አሟት ነው፣ አብሽሪ። ሰላም ብላሻለች።» ለአባቷ ስልኩን ጆሮው ላይ ቢያደርጉለት አፉን ይዞ ያለቅሳል፤ እሷ ናፍቆት መሰላት። ከመቃብር ሰላምታ ስትቀበል ከረመች።

ሲበቃት እናቷን ላስደንግጣት ብላ ለማንም ሳትነግር ተነሳች። ከደሴ ያመጣት ሚኒባስ የገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ አወረዳት። በብብቷ ለእናቷ የገዛችውን መስገጃ እንደተጠቀለለ ይዛለች። እየሳቀች ስትጠጋ ሰው ይሸሻል። ማንም አልተዘጋጀ፤ ያቺን ቃል ከአፉ የሚያወጣው ሰው መሆን ማንም አልፈለገም። አንዱ የረሳው ነገር እንዳለ ሁሉ ዞረ። አንዷ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጎተተች። እትዬ ሀውራ ከሱቃቸው ደጃፍ አይተዋት፣ «ልጆቹን አስገቡ!» ብለው በራቸውን ዘጉ። መስኡዳ ቤት ደረሰች። የእናቷ አልጋ ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፏል። መርዶዋን አልጋው ነገራት።

ከዚያ በኋላ ለወራት አልተናገረችም። ከተማውም፣ «ዓረብ አገር አሳበዳት» አለና እፎይ አለ። አፏን ስትፈታ ሐይቁ ዳር የቆርቆሮ ጥላ ተክላ ዓሣ መጥበስ ጀመረች። ሰው መጣ፣ በላ፣ እጅሽን ይባርክ አላት። ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰው አፉን ሞልቶ፣ «እናትሽ ሞታለች» ብሏት አያውቅም።

ቂሟ ይሄ ነው።

*

ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሃል አንድ ሰው ምን እንደሆነች ጠየቃት። ጉዱ ደግሞ፣ የጠየቃት የእትዬ ሀውራ ልጅ መሆኑ ነው።

ዶክተር ማህዲ ጎንደር ሲማር ነበርና ያ ሁሉ ሲሆን አልነበረም። ተመርቆ መጥቶ እዚሁ የከተማው ሆስፒታል ሥራ ሲጀምር ምሳውን መስኡዳ ዘንድ መብላት ለመደ። እዚያ የሚመጣ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ይቀመጣል፤ ለዚያ ብሎ ነውና የሚመጣው። ማህዲ ግን ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ መጥበሻው አዙሮ ነው የሚቀመጠው።

«ዶክተር፣ ውሃው እኮ በዚያ በኩል ነው» ትለዋለች።

«አይቼዋለሁ። ልጅ ሆኜ ዋኝቼበታለሁ።»

«እኔንስ አላየኸኝም?»

«አንቺን ገና አይቼ አልጨረስኩም።»

እሷ ዘይቱን ታበዛለች፣ ዳጣውን ታስበልጣለች፣ ፊቷን እሳቱ ያቀላው እንዲመስል ወደ ምድጃው ትጠጋለች። አንድ ቀን ዝናብ ሰውን ሁሉ አባሮ ሁለቱን ብቻ ጥላው ሥር ሲያስቀራቸው፣ ማህዲ እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ቀስ ብሎ፣ «መስኡዳ፣ ያን ጊዜ ምን ሆነሽ ነበር?» አላት።

ነገረችው። አልጋውን፣ መስገጃውን፣ የሚሸሸውን ሰው፣ ሁሉንም። ማህዲ አላቋረጣትም። ስታበቃ፣ «ስልኩንስ ማን ነበር የሚያነሳው?» ሲላት ግን ገና ያልበሰለውን ዓሣ ገለበጠችና፣ «የጎረቤት ሰው» አለችው።

በሁለቱ መሃል የቆመው ይህ ነው። ብትነግረው ልጅን ከእናቱ ትለያለች። ባትነግረው ደግሞ ያን ድምፅ አማት ብላ፣ አንድ ገበታ ቀርባ፣ ዕድሜ ልኳን «ደህና አደሩ?» ልትለው ነው። በሱቃቸውና ፎቅ ባለው ቤታቸው የታወቁት እትዬ ሀውራ ደግሞ ለልጃቸው ያሰቡት የደሴውን የመድኃኒት ቤት ባለቤት ልጅ፣ ሂንድን ነው። ለገባ ለወጣው፣ «ማህዲዬ ቀዶ ሐኪም ይሆናል፣ ከዚያ ሂንድን ያገባል» እያሉ አውርተዋል። ዓሣ ጠባሿ፣ ያውም የተነካች የተባለችው፣ በሐሳባቸውም የለችም።

መስኡዳ ሁለቱንም ሳትወስን ከረመች። ሲመጣ ደስ ይላታል፣ ሲሄድ በዓይኗ ትሸኘዋለች። በዚህ ላይ ሳለች ነው የሐኪሞቹ የትምህርት ድልድል የወጣው።

*

«ሰማሽ?» አለች ጸዳለ፣ አጠገቧ ሻይ የምታፈላው ጎረቤቷ። ጸዳለ ወሬ ስታመጣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ነው የምትመጣው።

«ምኑን?»

«ዶክተርሽን ነዋ! ስፔሻሊስት ሊሆን ተፈትኖ አልነበር? ፈተናውንስ አልፏል። ግን ሁሉም ቀዶ ሐኪም ካልሆንኩ ብሎ አንድ በር ላይ ሲጋፋ ለሱ ቦታ ጠፋ። ባዶ የቀረ፣ ማንም ያልመረጠው ቦታ ነበር አሉ፤ ከዚያ ላይ ምረጡ ሲባሉ እሱ ምን ቢመርጥ ጥሩ ነው?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ተናገሪ እንጂ።»

«የእብድ ሐኪም! ጅማ ሄዶ የእብድ ሐኪም ሊሆን ነው። እትዬ ሀውራ ሱቃቸውን ዘግተው ተኝተዋል አሉ። ኀፍረት ገደለኝ ብለው።»

ጸዳለ ሳቀች። መስኡዳ ግን አልሳቀችም። መጭለፊያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ያ ዝናብ፣ ያ ጥያቄ፣ ያ ሳያቋርጥ መስማት፣ ያ ዓይኑን ከሷ አለማንሳት፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣባት። «አንቺን ገና አይቼ አልጨረስኩም» ያላት መጣባት። ደስ ብሏት ስትደጋግመው የኖረችው ቃል፣ አሁን እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረ።

አመሻሹ ላይ ማህዲ መጣ። እንደ ልማዱ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ተቀመጠ።

«ዓሣ አልቋል» አለችው።

መጥበሻው ላይ ሦስት ዓሣ እየተንጨረጨረ ነው። ማህዲ ዓሣዎቹን አየ፣ እሷን አየ።

«ይሄስ?»

«የሰው ነው።»

«እኔስ ሰው አይደለሁም?»

«አንተማ ሐኪም ነህ። በሽተኛህን እያየህ ምሳህን ስትበላ ከረምክ። አሁን ሂድና ተሾም።»

«መስኡዳ…»

«አትጥራኝ!» ጸዳለ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች። «የወደድከኝ መስሎኝ ነበር እኮ። ምን ሆነሽ ነበር ስትለኝ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ ሰው ጠየቀኝ ብዬ ደስታ እንቅልፍ ነሳኝ። ለካ ልምምድ ላይ ኖረሃል። ለካ እኔ ደብተርህ ነበርኩ!»

የመጨረሻዋን ቃል ስትል ድምፅዋ ወደቀ፤ ይህ ከጩኸቱ የበለጠ አስፈራው።

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም። ግን ተናገር።»

ማህዲ ተነሳ። ቁመቱ የቆርቆሮውን ጥላ ሊነካ ምንም አይቀረውም።

«ቀዶ ሕክምና ነበር የመረጥኩት። አልደረሰኝም። ያልደረሰን ሰዎች ከቀሩት ምረጡ ስንባል ስልኬን ከፈትኩ። የአእምሮ ሕክምናው ባዶ ነው። ጅማ ባዶ፣ ሌላው ጋ ባዶ። ቤተሰብ ያፍርበታል፣ ጓደኛ ይስቅበታል። እናቴ፣ ዓመቱን ጠብቅ፣ ለሚመጣው ዓመት ቀዶውን ታገኛለህ አለችኝ። ወላሂ ልጠብቅ ነበር።»

«ታዲያ ማን አስቸኮለህ?»

«በማግሥቱ አንዲት እናት ከአምባሰል፣ ከላይ ከተራራው፣ ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቱ ከቤሩት ነው የተመለሰችው። እጆቿ በነጠላ ታስረዋል። አጥብቃ አላሰረቻትም፤ እንዳያማት ብላ ለስለስ አድርጋ ነው ያሰረቻት። ግሸንም ተስያለሁ፣ ሸሆቹንም ዱአ አስደርጌያለሁ፣ አሁን አንተ ዘንድ መጣሁ አለችኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሂዱ ብዬ ወረቀት ጻፍኩላት። ያን ወረቀት እስኪሰለቸኝ ጽፌዋለሁ፤ የሚሄድበት የለም። ይዘውት ተራራቸውን ይወጣሉ። እናትየዋ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ ‹አንተ ራስህ አታክማትም እንዴ?› አለችኝ።» ማህዲ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ከወጣች በኋላ ስልኬን አነሳሁና መረጥኩ።»

መስኡዳ ዓሣዎቹ ማረራቸውን አላየችም። ይህን ሰው ከነድካሙ፣ ከነተሸበሸበው ሸሚዙ አየችው፤ ሁሉም የሸሸውን ሊሸከም የተነሳ ሰው እንዲህ ያምራል እንዴ ብላ ተገረመች።

«እና…» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ አልነበርኩበትም?»

ማህዲ ሳቀ። ዓይኑ ግን እንባ አቅሯል።

«ስለ አንቺ ቢሆን ኖሮ መቼ ሐኪም እሆን ነበር? ባል ነበር የምሆነው።»

ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ከወዲያ ማዶ፣ ከገዳሙ በኩል፣ አንድ ታንኳ ቀስ እያለ ይመጣል። መስኡዳ ያረረውን ትታ ደህናውን ዓሣ ሳህን ላይ አወጣችና ፊቱ አስቀመጠችለት።

«እሑድ እሄዳለሁ» አላት። «በጊዜው ካልተመዘገብኩ ቦታውን አጣለሁ። ጠብቂኝ አልልሽም፤ በቂሽን ጠብቀሻል። አብረን እንሂድ ነው የምልሽ። ዛሬውኑ ለእናቴ ልንገራት።»

ያ የስልኩ ድምፅ መስኡዳ ጆሮ ላይ ጮኸ። ሰላም ብላሻለች።

«የእናትህን ደጅ አልረግጥም» አለች።

«ለምን?»

መጥበሻውን ከምድጃው አወረደች።

«ንገሪኝ። ለምን?»

እሳቱን ቆሰቆሰች። ማህዲ ዓሣውን ሳይነካ ቆመ። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየችው፤ ራሷ በእጇ ያጠፋችው ያህል ተሰማት።

«አንቺም አፈርሽብኝ ማለት ነው» አለ። «እንደነሱ።»

ሄደ። መስኡዳ እሱ የተቀመጠበት ቦታ ሄዳ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጥታ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው መጥበሻውና ምድጃው፣ የራሷ ባዶ ቦታም ብቻ ነበር። ይህን ሲያይ ነው የኖረው።

*

በማግሥቱ፣ ያን አልረግጥም ያለችውን ደጅ ለመርገጥ ቆርጣ፣ ዱበርቲዎቹ ዘንድ ሄደች። ዱበርቲ የሚባሉት ለወላድ፣ ለዝናብ፣ ለታመመ ዱአ የሚያደርጉ ትልልቅ ሴቶች ናቸው፤ የነሱ ምርቃት ከተማው ላይ ይከበራል። አውራቸው እትዬ ዘይቱና ናቸው፤ ከአምባሰል የመጡ፣ ምርኩዛቸውም ምላሳቸውም ጠንካራ የሆነ አሮጊት።

«እትዬ፣ ሽማግሌ እንዲሆኑልኝ ነው የመጣሁት።»

«ለማን?»

«ለእኔ። እትዬ ሀውራ ቤት ሄደው ማህዲን ይጠይቁልኝ።»

እትዬ ዘይቱና ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ወይ ጉድ! ሴት ሽማግሌ ላከች ሲባል ሰምቼ አላውቅም።»

«ሽማግሌ አልላክሁም። አሮጊት ነው የምልከው።»

አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁ። እንባቸውን በሻርፓቸው ጠርገው ሲያበቁ ግን ኮስተር አሉ።

«ስሚ አንቺ ልጅ። ሀውራ ራሷ ጠርታናለች። ልጄ ከዚያ ከእብዶቹ ሐሳብ እንዲመለስልኝ ቅዳሜ መጥታችሁ ዱአ አድርጉልኝ ብላ። በሷው ዱአ ላይ አንቺን ላንሳ ነው የምትይኝ?»

«አዎ።»

«መህርሽስ? ጥሎሽ ምን ትፈልጋለች ብዬ ልበል?»

«ከማህዲ አንድ ቁርዓን ይበቃኛል። ከእናቱ የምፈልገውን ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

እትዬ ዘይቱና ፊቷን ትክ ብለው አዩት። የምትፈልገው የገባቸው መሰለ፤ ዓይናቸውን ሰበሩ።

«እናትሽን ያጠብኳት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «አንቺን ግን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ኖርኩ። ቅዳሜ ነይ። እኛ ቀድመን እንገባለን።»

መስኡዳ ወደ ቤቷ ስትመለስ እግሯ ይከብዳታል፣ ልቧ ግን ቀሏታል። ቤት ገብታ ከሣጥኑ ሥር ያን መስገጃ አወጣች። ተፈትቶ አያውቅም። አሁንም አዲስ አዲስ ይሸታል።

*

ቅዳሜ ዱበርቲዎቹ የእትዬ ሀውራን ሳሎን ሞልተው፣ ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ማህዲ ጓዳ ሆኖ ሻንጣውን ያስተካክላል። እትዬ ሀውራ በአዲሱ ሻርፓቸው ተሸልመው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ከሁሉ ፊት ናቸው። ዱአ ላይ ያደገ ሰው አሚን ለማለት ቃሉን አይመዝንም፤ ዜማው ይወስደዋል።

«ያረቢ፣ የወጣውን በሰላም መልስ!»

«አሚን!»

«የታመመውን አፊያ ስጥ!»

«አሚን!»

«የሀውራን ልጅ ከክፉ ዓይን ሰውር!»

«አሚን!»

«መንገዱን ጨርቅ አድርግለት!»

«አሚን!»

«የያዘውን ሥራ ባርክለት፣ የታሰረውን ፈቺ አድርገው!»

«አሚን!»

«የኑርዬን ልጅ መስኡዳን ሚስት አድርገህ ስጠው!»

«አሚን!» ከሁሉ በላይ የተሰማው የእትዬ ሀውራ ድምፅ ነበር።

አንዷ አሮጊት ሳቋን በሻርፓዋ አፈነች። እትዬ ሀውራ የተዘረጋ መዳፋቸውን የማያውቁት ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ አዩት።

«ምንድነው ያስባላችሁኝ?»

«እኛ አልን፣ አንቺ አጸናሽው» አሉ እትዬ ዘይቱና። «የዱበርቲ አሚን ከአፍ ከወጣ አይመለስም።»

«እናንተ ሴቶች! ልጄ ከእብዶች እንዲርቅ ዱአ አድርጉ ብዬ ብጠራ፣ ጭራሽ እብድ…»

ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። መስኡዳ በሩ ላይ ቆማለች። በብብቷ የተጠቀለለ መስገጃ ይዛለች፤ ልክ ያን ቀን ከሚኒባስ ስትወርድ እንደያዘችው።

«ይጨርሱት እትዬ» አለች። «ከተማው ሁሉ ጨርሶታል።»

ማህዲ ድምፅዋን ሰምቶ ከጓዳ ወጣ። አላየችውም፤ ብታየው ልቧ እንደሚከዳት ታውቃለችና።

«አሚንዎን መልሼልዎታለሁ» አለች። «ሳያውቁ ያሉት ነው። ሰው ሳያውቅ ሲደረግበት ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ፣ በሌላ ሰው ላይ አላደርገውም።»

«ታዲያ ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

መስኡዳ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ፊታቸው ተንበርክካ መስገጃውን በመካከላቸው አስቀመጠች። ከዚያ ቀና ብላ፣ በዚያ በጥንቱ፣ ከሩቅ አገር በሚጣራ ድምፅዋ፣

«እትዬ፣ መስኡዳ ነኝ» አለች። «እናቴን አቅርቡልኝ።»

የእትዬ ሀውራ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «ወዳጃ…» ብለው ጀመሩ፤ አልወጣላቸውም። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ማህዲ የበሩን መቃን ያዘ።

«እማ» አለ። «ስልኩን የምታነሺው አንቺ ነበርሽ?»

እትዬ ሀውራ ልጃቸውን አላዩም። መስገጃውን ነው የሚያዩት።

«ሌላው ሰው አንዴ ዝም አለ፣ በቃ» አሉ። «እኔ በየጁምዓው ነው የዋሸሁት። ስልኩ ሲጮህ አሁን ልንገራት እላለሁ፣ ቅሬው ያለው ትዝ ይለኛል። ያን ቀን በር የዘጋሁብሽ አንቺን ፈርቼ መሰለሽ? እናቴስ ብትይኝ ብዬ ነው። አብዳለች ሲሉ እኔም አብዳለች አልኩ። ቀለለኝ። አፈር ልብላ፣ ቀለለኝ።»

«መርዶዬን አልተቀበልኩም» አለች መስኡዳ። «ይኸው እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም። ልጅዎን ቢሰጡኝም ባይሰጡኝም እሱን ለሌላ ቀን ያቆዩት። መርዶዬን ይንገሩኝ።»

ከዚያ እትዬ ሀውራ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ሻርፓቸውን አስተካከሉ። መስኡዳን አስነሥተው፣ መርዶ የሚነገረው ሰው እንደሚያዘው፣ ሁለት ክንዷን አጥብቀው ያዙ። እትዬ ዘይቱናም ከኋላዋ መጥተው ወገቧን ደገፉ።

«መስኡዳ ልጄ» አሉ። «እናትሽ አሪፋ ሞታለች። ጁምዓ ማለዳ ነው። በእጄ ውሃ አጠጥቻታለሁ። ስምሽን ስትጠራ ነበር። ‹ስትደውል ሰላም በይልኝ› አለችኝ። እሱን… እሱን አልዋሸሁሽም ልጄ። ሰላም ብላሻለች።»

መስኡዳ መጀመሪያ ምንም አልሆነችም። ቀጥላ «እናቴን! ወይኔ እናቴን!» ብላ ስትጮህ ድምፅዋ በመስኮቱ ወጥቶ መንገዱን ሞላ። ስትወድቅ አራት እጅ ያዛት፤ ከመሬት አልደረሰችም። እትዬ ሀውራ አብረው ጮኹ። ዱበርቲዎቹ ተቀበሉ።

መንደሩ ግር ብሎ መጣ። ጸዳለ ሻይዋን እሳት ላይ ጥላ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች።

«ምንድነው? ማን ሞተ?»

«አሪፋ ሞታለች» አሉ እትዬ ዘይቱና፣ በሩ ላይ ቆመው። «ግቡ።»

ደጁ ላይ የተሰበሰበው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ማንም፣ እሷማ ድሮ ነው የሞተችው፣ አላለም። አንዱ ቆቡን አወለቀ። አንዷ ሻርፗን ካሰረችበት ፈታች። ያን የገበያ ቀን ፊቱን ያዞረው ባለሱቅ አንገቱን ደፍቶ ቀድሞ ገባና ደረቱን መታ። ኑርዬ መረቡን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ከሐይቁ ሲሮጥ መጣ፤ ልጁን ሲያቅፋት መረቡ ሁለቱንም ሸፈናቸው። ስልክ ላይ ያለቀሰውን ልቅሶ ጆሮዋ ላይ አለቀሰው፤ አሁን ግን የምን እንደሆነ አወቀችው።

እትዬ ሀውራ መስገጃውን በእጃቸው ፈትተው ዘረጉትና መስኡዳን እላዩ ላይ አስቀመጧት። አጠገቧ ተቀምጠው ራሷን ትከሻቸው ላይ አሳረፉት።

ማህዲ ሻንጣውን ተወ። ከቤት አግዳሚ ወንበር አወጣ፣ ከጎረቤት ምንጣፍ ተዋሰ፣ ደጁ ላይ ዘረጋ። ከዚያ የሐዘን ቤት አማች በሚቆምበት ቦታ፣ በሩ አጠገብ ቆሞ፣ የሚመጣውን ሰው እጅ እየነሳ ይቀበል ጀመር። ዓይኑ ቀልቷል፤ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ አይቶ ከመስኡዳ ጋር ዓይን ለዓይን ተገናኙ። የገለጠችው ነገር ያሳመመውን ያህል፣ እስከ ዛሬ ለሱ ብላ የደበቀችው ደግሞ አንገቱን አስደፍቶታል። እንዲህ ያለች ሴት ናት ለካ እሱን ፈልጋ ዱበርቲዎቹን የላከች። ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ዝቅ አለላት።

ከላይ ከአምባሰል የመጡ አንድ ጆሯቸው የደከመ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ፊቱ ቆሙ።

«አንተ ደግሞ የሟች ምኗ ነህ?»

«አማቿ ነኝ» አለ ማህዲ፣ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ።

ውስጥ ድረስ ተሰማ። ለቅሶው ለአፍታ ጋብ አለ። ያኔ እትዬ ሀውራ አፋቸውን መስኡዳ ጆሮ ላይ አድርገው፣ ማንም በሉ ሳይላቸው፣ ቃሉን መዝነው፣ ቀስ ብለው፣

«አሚን» አሉ።

ይህኛውን አሚን መስኡዳ አልመለሰችላቸውም።